ጌሾ በጓሮ፣ ጽጌረዳ በደጅ

አማርኛ ቤትን ለሚከብበው ቁራሽ መሬት ስም አልነፈገውም። ግቢ እንላለን፣ ደጅ እንላለን፣ ጓሮ እንላለን፤ መጽሐፍ የቀመሰው ደግሞ አጸድ ይላል። አራቱም አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ግቢ አጥሩ የከለለው ሁሉ ነው። ደጅ ፊት ለፊት ያለው፣ እንግዳ የሚቆምበት፣ ባለጉዳይ የሚጠናው ነው፤ «ደጅ ጥናት» የምንለውም ከዚያው ይመጣል። ጓሮ ከቤቱ ጀርባ ያለው፣ የጓዳው ቅጥያ፣ የእናቶች ግዛት ነው። አጸድ ግን ከሁሉም ይረቃል። የወይን ቦታ አጸደ ወይን ነው፤ ሕፃናት ፊደል የሚቆጥሩበት አጸደ ሕፃናት ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው በአጸደ ሥጋ አለ፣ የሞተው በአጸደ ነፍስ አለ ይባላል። እንግዲህ በቋንቋችን ሰው ኖረም ሞተም ከአትክልት ቦታ አይወጣም ማለት ነው።

ይህን ያነሣሁት ለሰዋስው ብዬ አይደለም። ክረምት በቀረበ ቁጥር ከዘመድም ከጎረቤትም የሚሰማ ጥያቄ አለ፤ «ግቢዬን ላሳምረው አስቤ ነበር፤ ምን ልትከል?» የሚል። በየመንገዱ ዳር ችግኝ በጥቁር ላስቲክ ደርድረው የሚሸጡት ልጆች መልስ አያጡም። ያበበውን ብድግ ያደርጉታል። ያበበ ነገር ደግሞ ሻጭ አይፈልግም፤ ራሱን ይሸጣል። ነገር ግን «ምን ልትከል?» የሚለው ጥያቄ ከአበባ ቀለም በፊት ሌላ ጥያቄ በሆዱ ይዟል፤ «እዚህ ቦታ ላይ ስንት ዓመት እቆያለሁ?» የሚል። የአዲስ አበባ ግቢ ታሪክ ከሞላ ጎደል ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ታሪክ ነው። ሰው ነገን ሲያምን ዝግባ ይተክላል፤ ሲጠራጠር ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ጨርሶ ሲያጣው በጣሳ ይተክላል።

ታሪኩን ለመጀመር ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ ወረድ ሲሉ የሚገኘውን ይህን ድልድይ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በታክሲ መውረጃነቱ ነው። ስሙ ግን የፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡት፣ ነገር በመፍታት ችሎታቸው «አባ መላ» የተባሉት፣ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት፣ በ1919 ዓ.ም. ያረፉት ሰው ናቸው። ያ አካባቢ የእርሳቸው ሰፈር ነበር።

«ሰፈር» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ሰፈር ማለት ጦር የሰፈረበት ቦታ ነው። ዛሬ «የሰፈሬ ልጅ» ስንል ድንኳኑ ትዝ አይለንም እንጂ፣ አዲስ አበባ በመጀመሪያ የድንኳን ከተማ ነበረች። የንጉሡ ግቢ ከኮረብታው ላይ፣ መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ጭፍራቸውን ይዘው በየኮረብታውና በየወንዙ ማዶ፤ በሰፈርና በሰፈር መካከል ሜዳና ጅረት። የአማርኛ ግስም ይህንኑ ይመሰክራል። ድንኳንም ይተከላል፤ ዛፍም ይተከላል። ግሡ አንድ ነው። ልዩነቱ የተተከለው ድንኳን ነገ ሊነቀል መቻሉ ነው።

ደግሞም ይነቀል ነበር። ምኒልክ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ ዞረዋል። እንጦጦ ብርዱ የከፋ፣ ማገዶውም የራቀ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት በ1879 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ገና ከስሟ ጀምራ አበባ ነበረች፤ ግን አበባዋ ሥር አልነበራትም። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ አለቀ። እንጨት ሲያልቅ ከተማ መልቀቅ የቆየ የነገሥታት ልማድ ነውና፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ። አዲስ አበባም እንደ ልቼ ልትረሳ ተቃርባ ነበር።

ያዳናት አንድ ተክል ነው። በ1880ዎቹ አጋማሽ ከአውስትራሊያ ዝርያው የመጣውና ሕዝቡ ከባሕር ማዶ መምጣቱን አይቶ «ባሕር ዛፍ» ያለው ዛፍ። ወደ አገራችን ያስገባው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይባላል። ባሕር ዛፍ ለድንኳን ሰው የተፈጠረ ይመስላል። ችግኙ በጥቂት ዓመት ውስጥ አጣና ይሆናል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። የሃያ ዓመት ተስፋ የሌለው ሰው እንኳ የአምስት ዓመት ተስፋ አያጣምና ሁሉም ተከለው። ከተማይቱ በቅጠል ተሸፈነች፤ የውጭ አገር ጎብኚዎችም የባሕር ዛፍ ከተማ እያሉ መቀለድ ጀመሩ። ምንጭ ያደርቃል የሚል ክስ ስለ በዛበት በ1905 ዓ.ም. ገደማ አብዛኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ግን ማን ሰምቶ! የሚያስቀው ነገር ይህ ነው፤ ለችኩል ሰው የተተከለው ዛፍ ዘላንዋን ዋና ከተማ ሥር አስያዛት። ድንኳኑ ቀረ፣ ከተማው ጸና።

በዚያ ዘመን ግን የመኳንንቱን ግቢ ያየ ሰው ዛሬ «ጋርደን» የምንለውን ነገር አያገኝም ነበር። ደጁ ገላጣ ነው። ፈረስና በቅሎ የሚታሰርበት፣ ጭፍራ የሚሰለፍበት፣ ባለጉዳይ የሚጉላላበት ሜዳ ነው። የክብር ምልክቱ አበባው ሳይሆን የሚቆመው ሰው ብዛት ነበር። ተክሉ ያለው ጓሮ ነው። ጓሮው ደግሞ እንዲያው አልነበረም፤ የግብር አዳራሹ ሞተር ነበር።

እስቲ እናስበው። የአንድ ታላቅ ሰው ቤት ያለ ግብር አይታሰብም። ግብር ያለ ጠጅና ጠላ አይታሰብም። ጠጅና ጠላ ያለ ጌሾ አይሆንም። ስለዚህ ጌሾ አለ፤ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ። ጋኑን የሚያጥብ ሻካራ ቅጠል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ግራዋ አለ። ጋኑ ይታጠናል፤ ስለዚህ ወይራ ያስፈልጋል። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የኮሶ ትል አይቀርለትም፤ ስለዚህ የኮሶ ዛፍ አበባ ይፈለጋል። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን እንግዳ አይቀበልም፤ ይህ ለብዙ ባለሥልጣን ሁነኛ ምክንያት እንደነበር አዛውንት ይናገራሉ። ድፎ ዳቦ ሲጋገር የሚጠቀለልበት ኮባ አለ። ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ኮሰረት አለ። ለቡና ጤና አዳም፣ ለበርበሬ በሶብላ፣ ለምች ዳማከሴ፣ ለልብስ ማጠቢያ እንዶድ፣ ለበዓል ጠጅ ሣርና አሪቲ አለ። ለእጅና ለእግር ውበትም እንሶስላ አለ። አንድ ጓሮ ማለት መድኃኒት ቤት፣ ቅመማ ቅመም ቤት፣ የሳሙና ፋብሪካና የውበት ሳሎን በአንድ አጥር ውስጥ ማለት ነበር።

እንዶድን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። ከዚያች ምልከታ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድል መድኃኒት ምርምር ተወለደ፤ ሥራውም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ከአጥር ላይ በሚንጠላጠል፣ ማንም አበባ ብሎ በማይቆጥረው ሐረግ ነው።

የአዲስ አበባ ጓሮ ሌላም ጠባይ ነበረው። ከየት እንደመጣህ ይናገራል። ጉራጌው እንሰቱን ይዞ ገባ፤ የጎንደሩና የመንዙ ሰው ጌሾውን፣ የደቡቡ ሰው የአገሩን ጎመንና ቅመም። ሰው ቋንቋውን በከተማ አማርኛ ሲለውጥ፣ ልብሱን ሲለውጥ፣ ጓሮው ግን ቶሎ አይለወጥም። የትውልድ አገር ናፍቆት ያለ ቃል የሚጻፍበት ወረቀት ጓሮ ነው።

ወደ 1900 ዓ.ም. እንመለስ። ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር በሆኑበት በዚያው ዓመት የአዲስ አበባን መሬት የሚመለከት ደንብ ወጣ። ከዚያ በፊት የከተማ መሬት ለአገልግሎት የሚሰጥ፣ አገልግሎቱ ሲቀር የሚነሣ ነበር። በደንቡ ግን መሬት መግዛት፣ መሸጥ፣ ማውረስ ተፈቀደ። የታሪክ መጻሕፍት ይህን በንብረት ሕግ ምዕራፍ ሥር ያስቀምጡታል። እኔ በአትክልት ምዕራፍም ባየው ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ማውረስ የሚችል ሰው ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ይተክላል። ኮክ ይተክላል፣ ጽድ ይተክላል፣ ዝግባ ይተክላል። የጭቃው አጥር የድንጋይ ካብ ይሆናል። የልጅ ልጁ ጥላ ሥር እንደሚቀመጥ ያስባላ! እርግጥ ነው፣ ደንቡ ለሁሉም ገነት አልከፈተም። ሰፋፊው መሬት በጥቂቶች እጅ ነበር፤ አብዛኛው ከተሜ ተከራይ ነበር፤ ተከራይ ደግሞ ጎመን እንጂ ዝግባ አይተክልም።

አራዳ በዚያ ዘመን ተለወጠች። ገበያው ጊዮርጊስ ሥር ነበር። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ ሱቅና ቤት ሠራ፤ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ቤቶች ብቅ አሉ፤ እቴጌ ሆቴል ተከፈተ። ሰገነት ሲመጣ አዲስ ሐሳብ አብሮ መጣ። ሰው ተቀምጦ የሚያየው ነገር ይፈልጋል። ደጁ የጭፍራ መቆሚያ መሆኑ ቀርቶ የዓይን ማረፊያ ሆነ። ከዚያ በፊት አበባ ለዓይን ብቻ የሚተከልበት ቦታ ቢኖር ቤተ ክርስቲያን ነበር። የአራዳው ጊዮርጊስ ሙሉ ስም እኮ «መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ» ነው። ገነት አትክልት ቦታ ነው፣ ጽጌ አበባ ነው። የዓድዋን ድል መታሰቢያ፣ ንግሥት ዘውዲቱም ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑበትን ደብር አባቶቻችን «የአበባ አትክልት» ብለው ሰየሙት። በወርኃ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ ባሉት አርባ ቀናት፣ ይህ ስም ከምንጊዜውም ይልቅ ይገጥማል።

የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ደግሞ ጭካኔውን ብቻ ሳይሆን የቤት ቅርፁንም ትቶ ሄደ። ገበያውን ከአራዳ ወደ አዲሱ መርካቶ ያዛወረው ሐሳብ «አገሬውን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ» የሚል የዘር መለያየት ነበር። ለነጩ የታሰበው ቤት ቪላ ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። ቪላ ከመንገድ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል፤ በአጥሩና በበረንዳው መካከል አበባ ይተከልበታል፤ ምግብና መድኃኒት የሚሆነው ሁሉ ወደ ኋላ ይገፋል። ኢጣሊያ በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ የቪላው ሥርዓት ግን በኢትዮጵያውያን ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች እጅ ቀጠለ። የአዲስ አበባ ግቢ ለሁለት የተከፈለው ያኔ ነው። በደጅ ጽጌረዳ፣ ቡገንቪላ፣ ጄራንየም፤ በጓሮ ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ ኮባ። ደጁ ለእንግዳ፣ ጓሮው ለእማማ። ደጁን የሚንከባከበው በደመወዝ የተቀጠረ አትክልተኛ ነው፤ ጓሮውን የምትንከባከበው የቤቱ እመቤት ወይም ሠራተኛዋ ናት። በአንድ አጥር ውስጥ ሁለት አገር።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። ለብዙ ተከራይ ኪራይ ቀነሰ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት አባወራ፣ አንድ ቦኖ፣ አንድ መጸዳጃ ሲሆን መሬቱ የማን ነው? የሁሉም ነው፤ ማለትም የማንም አይደለም። በማንም መሬት ላይ ዛፍ የሚተክል የለም። ታዲያ የቀበሌ ቤት ሴቶች ምን አደረጉ? የዘይት ቆርቆሮ፣ የወተት ጣሳ፣ አፉ የተሰበረ እንስራ፣ የቀለም ባልዲ ሰበሰቡ። ሥሩን በምስማር በሳስተው አፈር ሞሉበት። ጤና አዳሙ በጣሳ፣ በሶብላው በጣሳ፣ ቀይ ጄራንየሙም በጣሳ ሆነ፤ ደረጃው ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ተደረደረ። የአራዳንና የሃብተ ጊዮርጊስን አካባቢ ቤቶች በዚያ ዘመን ያየ ሰው ያን የቆርቆሮ ሰልፍ አይረሳውም። ብዙ ሰው ከድህነት ይቆጥረዋል። እኔ ግን የጣሳ አትክልትን የአዲስ አበባ ሕዝብ ከፈጠራቸው ትልልቅ መላዎች አንዱ አድርጌ አየዋለሁ። ጣሳ ማለት ተሸክመውት የሚሄዱት ርስት ነው። አባ መላ ቢያዩት ይስቁ ነበር።

ከ1986 ዓ.ም. በኋላ የሊዝ ሥርዓት መጣ፤ ለመኖሪያ ቤት የ99 ዓመት ዘመን ተሰጠ። ዘጠና ዘጠኝ ለሰው ብዙ ነው፤ ለዝግባ ግን ገና ወጣትነት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ከተማውን ሞላው። አራተኛ ፎቅ ላይ ጓሮ የለም፣ ደጅም የለም፤ ያለው በረንዳ ነው። ጣሳው እንደገና ተመረጠ። በየብሎኩ በረንዳ ላይ ከልብሱ ገመድ ሥር ጤና አዳም ብታዩ አትገረሙ፤ የጓሮው የመጨረሻ ዘር ናት።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲነካ፣ ደጃች ውቤን፣ ዶሮ ማነቂያንና ዙሪያቸውን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ተሰማው። አንዳንዱ «ከዚያ ኑሮ መውጣቱ ይበጃል» አለ፤ የፈሰሰ መጸዳጃና የዘመመ ግድግዳ ውስጥ የኖረ ሰው እንዲህ ቢል ማን ይፈርድበታል? አንዳንዱ አለቀሰ። ሁለቱም እውነት ነው። ዛሬ በአዲሶቹ ጎዳናዎች ዳር ሣርና አበባ በሥርዓት ተተክሎ፣ ማታ በመብራት ይታያል። እግረኛ የሚሄድበት ሰፊ መንገድ ማግኘት ለዚህች ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልብ ያላችሁት ካለ፣ በዚያ ሁሉ የአበባ መደብ ውስጥ ጌሾ የለም፤ ዳማከሴም የለም፤ ኮሰረትም የለም። ከተማዋ በሙሉ ደጅ ሆናለች። ጓሮ ጠፍቷል። ቤት ሲፈርስ ለግድግዳውና ለጣሪያው ዋጋ ማውጣት ይቻላል፤ አንዲት እናት የትኛው ቅጠል ለየትኛው ሕመም፣ የትኛው እንጨት ለየትኛው ጋን እንደሆነ የምታውቀውን ግን የሚለካ ሜትር የለም። ተክሉ ሲጠፋ ስሙ ይጠፋል፤ ስሙ ሲጠፋ ልጆቻችን ከቋንቋቸው አንድ ጓሮ ያህል ያጣሉ። ይህን የምለው ቃል ሲያስተምር እንደኖረ ሰው ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቆጨው ሌላው ዓለም ጓሯችንን ወደ ደጁ ማውጣቱ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ተቀምጦ ስለ እንሰት ጽፏል፣ ሥዕሉንም አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1853 በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ የእንሰት ዘር ለንደን ወዳለው የኪው አትክልት ቦታ ላከ። ዛሬ ቅጠሉ የቀላው የእንሰት ዓይነት በአውሮፓና በአሜሪካ መናፈሻዎች «የአበሻ ሙዝ» እየተባለ የክብር ቦታ ይሰጠዋል፤ ማንም ቆጮ አይጋግርበትም፤ ለዓይን ነው። የእኛው የደጋ አበባ የሆነው፣ ነጭ ሆኖ ልቡ ሐምራዊ የሚመስለው ግላዲዮለስ፣ ሥሩ በፖስታ እየተላከ በየአገሩ ይተከላል። ሴቶቻችን እጃቸውን የሚቀቡት እንሶስላ በእንግሊዝ ቤቶች ደጅ ላይ በአበባው ይደነቃል። እኛ በአንጻሩ ከደቡብ አፍሪካ የመጣውን ጄራንየም፣ ከብራዚል የመጣውን ቡገንቪላ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣውን ጃካራንዳ በደጅ አስቀምጠን እንሶስላን ለጓሮ እንተዋለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያለው ሰው ግቢ አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

እነዚህን እንግዶች እንንቀል እያልኩ አይደለም። ጃካራንዳ በመጋቢትና በሚያዝያ የአዲስ አበባን ጎዳና ሐምራዊ ምንጣፍ ሲያለብሰው የማይወድ ሰው ካለ ዓይኑን ይመርመር። ባሕር ዛፍም እንግዳ ነበር፤ ከተማ አዳነ። የምለው ደጁና ጓሮው ይታረቁ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ምን ልትከል?

መጀመሪያ ዕድሜህን ጠይቅ። ቦታው የራስህ ከሆነና ልጆችህ ይኖሩበታል ብለህ ካመንክ ቀርፋፋውን ዛፍ አትፍራ። ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ ከቤቱ ራቅ፣ ወደ አጥሩ ጥግ። ኮሶ በእንጦጦ ደጋ ላይ ያምርበታል፤ ቀይ አበባው ተንዘርፍፎ ሲወርድ ከየትኛውም የፈረንጅ ጌጥ አያንስም። ሾላና ዋርካ ግን ለሰፊ ሜዳ እንጂ ለጠባብ ግቢ አይሆኑም፤ ሥራቸው ግድግዳ ይፈታተናል። ባሕር ዛፍን ከውኃ ጉድጓድና ከአትክልት መደብ አርቀው። ተከራይ ከሆንክ አትዘን፤ የጣሳው ጥበብ ያንተ ነው። ትልቅ ባልዲ፣ ሥሩ የተበሳ፣ ከታች ጠጠር፣ ከላይ ፍግ የተቀላቀለ አፈር። ስትለቅ ይዘኸው ትሄዳለህ።

አጥርህን በቆርቆሮ ብቻ አትጨርስ። ሰንሰል ቅርንጫፉን ብትሰካው የሚበቅል፣ ነጭ አበባ የሚያወጣ የአገር አጥር ነው። ክትክታም ይሆናል። የቀጋ አጥር ደግሞ ሌባ ያስፈራል። ቀጋ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ናት፤ ነጭ ታብባለች፣ ቀይ ፍሬዋን እረኛ ይበላዋል። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥሎ በአፍሪካ ትልቋ አበባ ላኪ ሆና ጽጌረዳ በአውሮፕላን ስትልክ፣ የራሷ ጽጌረዳ በየመንገዱ ዳር እሾህ ተብላ ትቆረጣለች።

ግቢህ ዓመቱን ሙሉ እንዲናገር ከፈለግህ ወራቱን ቁጠር። ለመስከረም አደይ አበባን ጥግ ላይ ተውላት፤ አረም ብለህ አትንቀላት። በበጋ ኮርች ቀይ አበባውን ያወጣል። ቀጥሎ ጃካራንዳ አለ። ረጅሙን ከኋላ፣ አጭሩን ከፊት አድርግ፤ ከመስኮት ቁጭ ብለህ የምታየውን አስብ። ሁሉንም መሬት በሲሚንቶ አትድፈነው፤ ክረምት ውኃው የት ይግባ? የጣሪያህን ውኃ በበርሜል ተቀበለውና ለበጋው አቆየው።

ከሁሉም በላይ ጓሮውን ወደ ደጅ አምጣው። ጠጅ ሣርን ከበሩ ግራና ቀኝ ተክለው፤ የሚገባ ሰው ልብሱ ሲነካው ቤቱ ይሸታል። አሪቲን ከመቀመጫው አጠገብ አድርገው፤ ብርማ ቅጠሉ ከቀይ ጽጌረዳ ሥር ያምራል። ጌሾ አንጸባራቂ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ነው፤ በሥርዓት ከተከረከመ ከማናቸውም የጌጥ አጥር አያንስም። ጤና አዳም ቢጫ አበባ አለው፤ ቡና ሲፈላ ከደጅ ቀጥፎ መምጣት እንዴት ያለ ኩራት ነው! እንሶስላን ጥላ ሥር አድርጋት። ለልጅህም ስማቸውን ንገረው፤ አንድ በአንድ፣ ቅጠሉን እያሸተተ።

አንድ የመጨረሻ ልማድ አለ። በእኛ አገር ጤና አዳምና ኮሰረት ድሮ ከሱቅ አይገዛም ነበር፤ ከጎረቤት ግንጣይ ይጠየቃል። አንዷ ትገነጥላለች፣ ሌላዋ ትተክላለች። የአንዲት ሴት ጓሮ በአሥር ቤት ይባዛል። ሰፈር ሲበተን ይህ ልማድ ካልተበተነ፣ ጓሮው አልጠፋም ማለት ነው። ከፒያሳ ወጥቶ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው አዲሱን ጎረቤቱን የሚተዋወቅበት ከዚህ የተሻለ ሰበብ የለውም። «እማማ፣ ከዚያች በሶብላ ትሰጡኛላችሁ?» ማለት ይበቃል።

አማርኛ ችግኝ ሥር ይዞ ሲያቆጠቁጥ «ጸደቀ» ይላል። ሰውም መልካም ሠርቶ ሲያልፍ «ጸደቀ» ይባላል። በየክረምቱ ስንት ሚሊዮን ችግኝ እንደተተከለ እንሰማለን፤ ቁጥሩ ያስደስታል። ግን የሚቆጠረው የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ነው። የሚጸድቀው ደግሞ ውኃ የሚያጠጣው፣ ስሙን የሚያውቀው፣ ነገም እዚያው የሚያገኘው ሰው ያለው ተክል ነው።